ኮንቴይነሩ ያልፋል፤ ተማሪው ይቀራል



ባቡር የሥልጣኔ ምልክት ነው ሲባል ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተናል። አንክድም። ይሁን እንጂ ምልክቱ ለሕዝቡ ካልጠቀመ ጌጥ ይባላል እንጂ ሥልጣኔ አይባልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ በቱሉ ዲምቱ አጠገብ የሚያልፈው ሐዲድ የተዘረጋው ለኮንቴይነር ነው ወይስ ለሰውም ጭምር? ለሰውም ጭምር ከሆነ፣ ተማሪ ሰው አይደለምን?

ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ እንናገር። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጫፍ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውና 85 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዳማ የሚደርሰው የክፍያ ፈጣን መንገድ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ከሰበታ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በአቅራቢያችን፣ እንዶዴ በተባለው ጣቢያ በኩል ያልፋል። በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ደግሞ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ወደ እኛ አቅጣጫ ሲመጣ፣ ሲመጣ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። እንግዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ሦስት ታላላቅ ሥራዎች ዙሪያችንን ከበውናል። አንደኛው መኪና ላለው ሰው ነው፤ ሁለተኛው በአቅራቢያችን ባለው ጣቢያ ዋና ሥራው ጭነት ነው፤ ሦስተኛው እኛ ዘንድ ሳይደርስ ይቆማል። እኛም በሦስቱ መካከል የበይ ተመልካች ሆነን የሚኒባስ ሰልፍ እንጠብቃለን።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። አቃቂም ከዋና ከተማው አጠገብ የራሷ ጣቢያ ነበራት። ያ ባቡር ቀርፋፋ ነበር፤ ሐዲዱም የጠበበ፣ በመካከሉ አንድ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ነበር። ሆኖም ሰው ይጭን ነበር። ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ከሐረርና ከድሬዳዋ ለትምህርት የሚመጣው ልጅም በየማዕረጉ ተሳፍሮበታል። ከአዲስ አበባ የሚነሣው የዚያ ባቡር አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ እስኪቋረጥ ድረስ የአገሪቱ ትልቁ የጂኦግራፊ መምህር እርሱ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ሐዲድ ላይ ከተደረጉት ጉዞዎች አንዱን ማንሣት ግዴታችን ነው። በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያ ዘማቾች ከአዲስ አበባ በባቡር ተሳፈሩ፤ በአቃቂ በኩል አልፈው ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም በመርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዘው ኮሪያ፣ ቡሳን ወደብ ደረሱ። ስማቸውን ያገኙት ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በዚያን ጊዜ የኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡል አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈች፣ የፈረሰችና የተቃጠለች ከተማ ነበረች። አብዛኞቹ ዘማቾች ስሟን ከዚያ በፊት ሰምተው የማያውቁትን ከተማ ለማዳን ሄዱ። በየተራው ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘመቱ፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት በጦርነቱ ሞቱ፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። ልብ በሉ! የዚያን ዘመን ወጣት ወደማያውቀው የእስያ ዋና ከተማ የወሰደው መንገድ የተጀመረው በእኛው ሰፈር በሚያልፈው ሐዲድ ነው። ለጦርነት ሲሆን ለወጣቱ በባቡሩ ላይ ቦታ ተገኝቶለት ነበር። ለትምህርት ሲሆን ቦታ የማይገኘው ለምንድን ነው?

ዛሬ ወደ ሴኡል የሚሄደው ኢትዮጵያዊ ዘማች ሳይሆን ተማሪ ነው። ከዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች መካከልም በኮሪያ የትምህርት ዕድል ያገኙ አሉ። እንዲህ ያለው ተማሪ በኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ ቋንቋ አያውቅም፤ ዘመድ የለውም፤ ከተማይቱንም በፊልም ካልሆነ አይቷት አያውቅም። ነገር ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር ባቡር ይጠብቀዋል። ያ ባቡር እስከ ሴኡል ማዕከላዊ ጣቢያ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ መስመሩን በቀለሙ፣ ጣቢያውን በቁጥሩ ይለያል፤ የጣቢያው ስም በኮሪያ ፊደልም በላቲን ፊደልም ተጽፎለታል። በእጁ ያለችው ካርድ ለባቡሩም ለአውቶቡሱም ታገለግላለች። በሁለተኛው ሳምንት ከተማይቱ ባዕድ መሆኗ ይቀራል። ባለ መኪና ወዳጅ ሳያስፈልገው፣ አስጎብኚ ሳይቀጥር፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ የገበያዋን፣ የቤተ መንግሥቷን፣ የፋብሪካዋንና የድሆች መንደሯን መልክ በራሱ ዓይን ያያል።

ከመስመሮቹ ሁሉ የሁለተኛው መስመር ነገር ለእኛ ብዙ ይናገራል። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ ወደ 49 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቀለበት ሆኖ ከተማይቱን ይዞራል፤ የሃን ወንዝንም ሁለት ጊዜ በድልድይ ይሻገራል። በዚህ ቀለበት ላይ ያሉትን ጣቢያዎች ስም አንብቡ፦ የሆንጊክ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢህዋ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ፣ የሃንያንግ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮንኩክ ዩኒቨርሲቲ፣ የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ፣ የሴኡል የመምህራን ማሠልጠኛ ዩኒቨርሲቲ። ስድስት የትምህርት ቤት ስሞች በአንድ መስመር ላይ! በሃንያንግ ጣቢያማ ከባቡሩ የወረደ ተማሪ በአንደኛው መውጫ በኩል ቀጥታ ግቢው ውስጥ ይገባል። ሴኡል ተማሪዋን በሐዲዷ ላይ ጻፈችው። የእኛ ከተማ ሐዲድ የተማሪውን ስም የሚጽፈው መቼ ነው?

ከሴኡል ወጣ ብለን ቹንቾንን እንይ። ወደዚያች ከተማ የሚወስደው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተ አሮጌ መስመር ነው። በዘገምተኛው ባቡር ዘመን የሴኡል ተማሪዎች ጊታራቸውን ተሸክመው፣ የሩዝ ድስታቸውን ይዘው፣ በቡድን በቡድን ሆነው በዚህ መስመር ወደ ወንዝ ዳር ይወጡ ነበር፤ ሌሊቱን በክርክርና በዘፈን ያሳልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዚሁ መስመር ላይ የሚሮጠው ፈጣን ባቡር «ቾንግቹን» ተብሏል፤ ቃሉ ከሁለቱ ከተማዎች ጣቢያዎች ስም የተገጣጠመ ሲሆን በኮሪያኛ ትርጉሙ «ወጣትነት» ነው። በቹንቾን ደግሞ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ቆሟል። በግንቦት ወር 1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመርቋል፤ በአጠገቡም በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ስም የተከፈተ ቡና ቤት አለ። እንግዲህ ነገሩን አስተያዩት። በሴኡል የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተማሪ የአያቶቹን መታሰቢያ ለማየት ከቾንግኒያንግኒ ጣቢያ ተሳፍሮ በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። በቱሉ ዲምቱ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን በዚችው በአዲስ አበባ፣ በአፍንጮ በር ያለውን የእነዚያኑ ዘማቾች መታሰቢያ ለማየት ቢነሣ፣ ከሰልፍ ወደ ሰልፍ እየተላለፈ፣ ከታክሲ ወደ ታክሲ እየወረደ፣ ግማሽ ቀኑን መንገድ ላይ ያሳልፋል። የመጀመሪያው ዋና ከተማ የባዕድ ነው፤ ሁለተኛው የራሱ ነው። ባዕድ ሆኖ የተሰማው የትኛው ይመስላችኋል?

ጉዳቱ የመዝናኛ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ ተሳስቷል። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱና ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ከተማው መካከል ነው፤ ብሔራዊ ሙዚየሙም፣ ቴአትር ቤቶቹም፣ የሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር አዳራሾችም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ የሚጀመር ጉባኤ ላይ የተገኘ ተማሪ ጥያቄና መልሱ ሳያልቅ እየተነሣ ይወጣል፤ ከመሸ ሚኒባስ አያገኝምና። እኅቶቻችን ደግሞ በጨለማ መንገድ ዳር ቆሞ መጠበቁ ስለሚያስፈራቸው ከመጀመሪያው መሄዱን ይተዉታል። እንዲህ ሆኖ በከተማ ጫፍ ላይ የተተከለ ተማሪ በስሙ የመዲና ተማሪ ይባላል እንጂ መዲናው የእርሱ አይደለም። በቴክኒክ የሠለጠነ፣ አገሩን ግን ያላየ ምሁር እናፈራለን ማለት ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም፤ ያልናፈቁትን አገር ደግሞ ማን ይሠራለታል?

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች እናውቃቸዋለን። አንድ በአንድ እንመልስ።

«ጭነት የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል፤ ተማሪ ግን ምን ይከፍላል?» ይሉናል። የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ እጅግ የበዛው ክፍል በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ እናውቃለን። መስመሩ በአብዛኛው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በተገኘ ብድር እንደተሠራና ብድሩም መከፈል እንዳለበት እናውቃለን። ጭነት ይቅር አላልንም። ነገር ግን ከሰበታ እስከ አዳማ ድረስ ያለው ሐዲድ ጥንድ ነው፤ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመለሳል። በዚህ ክፍል ላይ ጠዋትና ማታ ለመንገደኛ የሚሆን ጥቂት ሰዓት መመደብ የጅቡቲን ንግድ አያቆመውም። ባቡሩ የሚሄደው ከውጭ በሚገዛ ነዳጅ ሳይሆን በራሳችን ወንዞች በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው። በነዳጅ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተደራርቦ ከሚጓዘው ተማሪ ይልቅ በባቡር የሚጓዘው ለአገሪቱ ምንዛሪ ይቀላል። ደግሞስ የብድሩን ዕዳ በሚመጡት አሥርተ ዓመታት በግብሩ የሚከፍለው ማን ነው? ዛሬ በሰልፍ ላይ የቆመው ተማሪ አይደለምን? ዕዳው የእርሱ ከሆነ ወንበሩም የእርሱ ይሁን!

«ኮሪያ ሀብታም ናት፤ እኛ መጀመሪያ እንበልጽግ» የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች ፈረሱን ከጋሪው ኋላ የሚያስሩ ናቸው። የኮሪያ የመጀመሪያው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1899 ሥራ ሲጀምር የእኛ ሐዲድ ከጅቡቲ በረሓ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ በመሠራት ላይ ነበር። የሁለታችን ባቡር የአንድ ዘመን ልጅ ነው። የሴኡል የመጀመሪያው የምድር ውስጥ መስመር የተከፈተው ነሐሴ 15 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተኩስ አቁሙ ከተፈረመ ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ ያም መስመር 8 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ከትንሽ ተነሥተው በየጥቂት ዓመቱ ቀጠሉበት እንጂ ሀብታም እስኪሆኑ አልጠበቁም። ሰውን ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱ በሰዓቱ ማድረስ ከብልጽግና መንገዶች አንዱ ነው፤ ከብልጽግና በኋላ የሚመጣ ምርቃት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የባቡር ድርጅታቸው ወጣቱ በአንድ ትኬት ለቀናት አገሩን እየዞረ እንዲያይ «ነገ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል የተሰየመ የጉዞ ትኬት አወጣ። ትኬቱ ርካሽ ነበር፤ ወንበር ያልተያዘበት ነበር፤ ቆሞም ቢሆን ወጣቱ አገሩን አየበት።

«የከተማው ቀላል ባቡር ምን ሆነ? አልተበላሸምን?» ይባላል። እውነት ነው፤ ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕጦት ቆመው ከርመዋል። ይህ ክርክር ግን ለእኛ ይመሰክርልናል እንጂ አይከስሰንም። ባቡሩን ሠርቶ የሸጠው ሌላ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን ያካሄደው ሌላ፤ መለዋወጫው የሚመጣው ከሌላ አገር። ማሽን ከዩኒቨርሲቲ ካልተዋወቀ መበላሸቱ አይቀርም። የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተማሪ በሚኖርበት ሰፈር አጠገብ የባቡር ጣቢያ ሲገኝ ጣቢያው የዚያ ተማሪ ላቦራቶሪ መሆን ነበረበት። የጅቡቲው መስመር በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር የሚያስተዳድሩት ቻይናውያን ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ሥራው ወደ ኢትዮጵያውያንና ወደ ጅቡቲያውያን እጅ ተላልፏል። ከእንግዲህ የምንጠይቀው ሰው ቤጂንግ አይደለም ያለው፤ እዚሁ ነው። ምክንያትም አልቋል።

በመጨረሻ «ተማሪ መጽሐፉን ያንብብ፤ ዙረት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ታላላቆች አሉ። አክብረን እንመልስላቸው። በ1957 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ደንብ አወጣ። ብዙዎቹ በየአውራጃው አስተማሪ ሆኑ። የአገራቸውን ረኀብና ጠባይ የተማሩት ያኔ ነው ብለው የሚመሰክሩ የዚያ ትውልድ ሰዎች ዛሬም አሉ። ጉዞ የትምህርት ጠላት ነው የሚል ሰው ይህን የዩኒቨርሲቲያችንን ታሪክ ዘንግቶታል። እኛ የምንለው ግን ከዚያ ያነሰ ነው፤ ተማሪው አንድ ዓመት ይሂድ አላልንም፤ አንድ ቀን ሄዶ በዚያው ቀን እንዲመለስ ባቡር ይቁምለት ነው ያልነው።

ስለዚህ ከዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። የተማሪዎች ማኅበራችንም ይህን ተቀብሎ በስሙ ለሚመለከታቸው ክፍሎች እንዲያቀርብ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በእንዶዴ በኩል ጠዋትና ማታ፣ ሰዓቱ ታውቆ የተለጠፈ የመንገደኛ ባቡር ይቁም፤ ከጣቢያው እስከ ቱሉ ዲምቱ የሚያደርስ አውቶቡስም ከባቡሩ ሰዓት ጋር ይገጣጠም። የመንገደኛው ዋና ጣቢያ ፉሪ ለቡ ነው ማለት ለእኛ መልስ አይሆንም፤ ፉሪ ለቡ ለመድረስ ከተማውን በስተ ደቡብ አቋርጠን መሄድ ካለብን በባቡር ሳንሳፈር መንገዱ አልቋል ማለት ነውና።

ሁለተኛ፣ የተማሪ መታወቂያ ያሳየ ሁሉ በቀላል ባቡሩም በጅቡቲው መስመርም በተቀነሰ ዋጋ ይጓዝ፤ ዋጋውም በየጣቢያው በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ይለጠፍ።

ሦስተኛ፣ በየወሩ አንድ ሠረገላ ለትምህርት ጉዞ ይመደብ። የታሪክ ተማሪው ድሬዳዋ ሄዶ የአሮጌውን ባቡር ወርክሾፕ ይመልከት፤ የንግድ ተማሪው ጅቡቲ ወርዶ ወደቡን ይይ፤ የምሕንድስና ተማሪው ከነጂው ክፍል አጠገብ ቆሞ የኤሌክትሪኩን ሥራ ይጠይቅ። መምህራንም ይህን ጉዞ ከትምህርቱ እንደ አንድ ክፍል እንዲቆጥሩልን በትሕትና እንለምናለን።

አራተኛ፣ የቀላል ባቡሩ መስመር ከቃሊቲ አልፎ ወደ ቱሉ ዲምቱ እንዲቀጥል ጥናት ይጀመር። ከተማዪቱ በዚህ በኩል እያደገች ነው፤ ሰው ከሰፈረ በኋላ ቤት እያፈረሱ ሐዲድ ከመዘርጋት ሰው ሳይበዛ መሬቱን ለሐዲዱ ማስቀረት ይረክሳል።

አምስተኛ፣ ወደ ሴኡል፣ ወደ ቤጂንግ፣ ወደ ዴሊ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ለትምህርት የሚሄዱ ወንድሞችና እኅቶች በዚያ ያሉት ባቡሮች ለተማሪ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ትኬቱ ስንት እንደሆነ፣ ጉድለቱን ማን እንደሚሸፍን ጽፈው ለዚህ ጋዜጣ ይላኩልን። ከማማ ሥር የተነሡት ፎቶግራፍ ለቤተ ሰብ ይበቃል፤ ለእኛ የጊዜ ሰሌዳውን ይላኩልን።

እነዚህ አምስቱ ጥያቄዎች አገር የሚያፈርሱ አይደሉም፤ ካዝናም አያራቁቱም። አብዛኞቹ የሚፈልጉት የተዘረጋውን ሐዲድ በሚገባ ለመጠቀም መፍቀድን ነው። አንዳንዶቹማ ወረቀትና ማኅተም ብቻ ይበቃቸዋል። «ለማን አቤት ይባላል?» ብሎ የሚቀመጥ ተማሪ ካለ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን የአባቶቻችንን አነጋገር እናስታውሰው። ጥያቄያችንን የሚደግፍ ተማሪና መምህር ሁሉ ስሙንና ፊርማውን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በተቀመጠው መዝገብ ላይ ያኑር። ፊርማዎቹ ተሰብስበው ይቀርባሉ፤ መልሱ ምን እንደሆነም በሚቀጥለው እትም እናሳውቃለን። መልስ ካልተሰጠንም መልስ አለመሰጠቱን እናሳውቃለን።